የሌለ ዓለም ድምፅ፦ ላልተሠራ ጨዋታ የሚዘጋጅ ማጀቢያ ሙዚቃና ፊዚክሱ

ማጀቢያ ሙዚቃ ሲባል ሁላችንም የምንረዳው ነገር አለ። በቅድሚያ ፊልሙ ወይም ጨዋታው ይሠራል፤ ቀጥሎ ለየትዕይንቱ የሚስማማ ሙዚቃ ይዘጋጅለታል። ከዚህ ቅደም ተከተል ያፈነገጠ አንድ የሙዚቃ ዘርፍ ግን አለ። ሙዚቀኛው የአንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ ማጀቢያ ሠርቶ ለአድማጭ ያቀርባል፤ ጨዋታው ግን የለም፤ ኖሮም አያውቅም። አድማጩ የየክፍሉን ርዕስ ብቻ ይዞ፣ በጆሮው እየተመራ፣ ወደ ዋሻው ይወርዳል፣ ሐይቁን ይሻገራል፣ በፈረሰው ከተማ መካከል ያልፋል። ለምሳሌ ኢኩዊፕ በሚል ስም የሚታወቀው አሜሪካዊ ሙዚቀኛ በ2016 ያወጣው አልበም እንዲህ ላለ ምናባዊ ጨዋታ የተዘጋጀ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከእነዚህ ሥራዎች መካከል እኔን ይበልጥ የሚስቡኝ በሙከራ ላይ የተመሠረቱት፣ ምታቸው የማይቆጠርና ቀስ ብለው የሚፈስሱት ናቸው። ዘርፉ አምቢየንት ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ ከባቢያዊ ሙዚቃ ልንለው እንችላለን።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ሲሰማ «ይህ ደግሞ ምኑ ሙዚቃ ነው?» ብሎ ያልፈዋል። የፊዚክስ ተማሪ ግን በቀላሉ ሊያልፈው የማይገባ ጥያቄ በውስጡ አለ። ሥዕል የለም፣ ተራኪ የለም፣ ተዋናይ የለም። ታዲያ ጆሯችን የሌለውን ቦታ እንዳለ አድርጎ የሚቀበለው በምን ምክንያት ነው? የእኔ መልስ አጭር ነው። አንድን ዓለም ዓለም የሚያሰኘው የሚገዛበት ሕግ ነው፤ ጆሮም ሕግን አሸትቶ የማግኘት አስደናቂ ችሎታ አለው። መልሱ ትክክል መሆን አለመሆኑን በቁጥር እንመርምረው።

ሦስቱ ክሮች

ነገሩን ከምንጩ ለመያዝ ወደ እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ብራያን ኢኖ መሄድ ያስፈልጋል። ከእርሱ በፊት ፈረንሳዊው ኤሪክ ሳቲ በ1917 እንደ ቤት ዕቃ በክፍል ውስጥ የሚኖር፣ ማንም ልብ ብሎ የማያዳምጠው ሙዚቃ አስቦ ነበር። ለሐሳቡ ስምና ዘዴ ያበጀለት ግን ኢኖ ነው። በ1978 «ሚውዚክ ፎር ፊልምስ» የተባለውን አልበም ለገበያ ሲያቀርብ፣ በውስጡ ከነበሩት አጫጭር ሥራዎች መካከል በሐሳብ ብቻ ላሉ ፊልሞች የተዘጋጁ ነበሩበት። ከዚያም «ሚውዚክ ፎር ኤርፖርትስ» ተከተለ። ከአልበሙ ጋር በታተመው ጽሑፍ ኢኖ፣ እንዲህ ያለ ሙዚቃ ልብ ብሎ ለሚያዳምጠውም ሆነ ችላ ለሚለው ሰው እኩል የሚመች መሆን እንዳለበት አስረድቷል። በ1995 ደግሞ ከዩቱ የሙዚቃ ቡድን ጋር ሆኖ፣ ፓሴንጀርስ በሚል ስም፣ አብዛኞቹ ፊልሞች ፈጽሞ የሌሉበትን የማጀቢያ አልበም አወጣ። ለሌለ ፊልም ማጀቢያ ከተሠራ፣ ለሌለ ጨዋታ መሥራት የአንድ እርምጃ ጉዳይ ነው።

ለእኛ የሚጠቅመን የ«ሚውዚክ ፎር ኤርፖርትስ» ሁለተኛ ክፍል ነው። በዚህ ክፍል የሚሰማው ቃል የሌለው የሰው ድምፅ ነው፤ አንድ ኖታ ተዜሞ ይጠፋል፣ ሌላው ይተካል። ኢኖ እያንዳንዱን ኖታ በረጅም የመቅረጫ ክር ላይ ቀድቶ የክሩን ሁለት ጫፎች በማጣበቅ ቀለበት አደረገው። ክሮቹ እጅግ ረጃጅም ስለነበሩ በጀርመናዊው ኮኒ ፕላንክ ስቱዲዮ ውስጥ በአሉሚኒየም ወንበሮች ዙሪያ እየዞሩ ወደ መሣሪያው ይመለሱ ነበር። በ1996 በሳን ፍራንሲስኮ ባደረገው ንግግር ኢኖ የሦስቱን ክሮች የዙር ጊዜ በግምት ጠቅሷል፦ አንዱ 23 ከ1/2 ሴኮንድ፣ ሌላው 25 ከ7/8 ሴኮንድ፣ ሦስተኛው 29 ከ15/16 ሴኮንድ።

እዚህ ላይ እርሳስና ወረቀት ማውጣት ይገባል። ሦስቱ ኖታዎች በአንድ ቅጽበት ቢጀምሩ ዳግመኛ በአንድ ቅጽበት የሚገናኙት መቼ ነው? ጥያቄው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነው የትንሹ የጋራ ብዜት ጥያቄ ነው። ጊዜያቱን በሴኮንድ 1/16ኛ ብንለካቸው 376፣ 414 እና 479 ይሆናሉ። 479 ብቸኛ ቁጥር ነው። 376 እና 414 ደግሞ ከ2 በላይ የሆነ የጋራ አካፋይ የላቸውም። ስለሆነም ትንሹ የጋራ ብዜት 37,281,528 ይመጣል። ይህም 2,330,095.5 ሴኮንድ፣ ማለትም 27 ቀን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ነው። ሦስት ኖታዎች ራሳቸውን ሳይደግሙ አንድ ወር ሊጠጋ ለሚችል ጊዜ ይሄዳሉ። በሸክላው ላይ የታተመው ከዚህ ውስጥ 9 ደቂቃ ያህሉ ብቻ ነው።

ጠንቃቃ አንባቢ በዚህ ስሌት ላይ ጥርጣሬ ቢያድርበት ደስ ይለኛል። ቁጥሮቹን ጥቂት እናጠጋጋቸው፤ 25 ከ7/8 የሚለውን 26፣ 29 ከ15/16 የሚለውንም 30 እናድርጋቸው። የመጀመሪያው እንዳለ ይቆይ። አሁን መልሱ 18,330 ሴኮንድ፣ 5 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ብቻ ይሆናል! የአንድ ስምንተኛ ሴኮንድ ለውጥ 27 ቀኑን ወደ 5 ሰዓት አወረደው። ስለዚህ 27 የሚለውን ቁጥር እንደ ቅዱስ ነገር መያዝ አይገባም። በእውነተኛ ክር ላይ ደግሞ ፍጥነቱ ራሱ በጥቂቱ ይዋልላል፤ ፍጹም መገናኘት የሚባለው ነገር ፈጽሞ አይኖርም። ዋናው ቁም ነገር ሌላ ነው። አድማጩ ምንም ስሌት ሳይሠራ፣ ሳያውቀው፣ እዚህ ውስጥ የሚዞሩ ነገሮች እንዳሉና አንዳቸው ሌላውን እንደማይጠብቁ ይሰማዋል። በአንድ መንደር የተለያየ ቤት ውሾች ሲጮኹ፣ የወፍጮው ሞተር ሲንደቀደቅ፣ ቧንቧው ሲንጠባጠብ እያንዳንዱ በራሱ ሰዓት ነው የሚሄደው። ጆሮ ይህን የሕይወት ምልክት አድርጎ ይወስደዋል።

ይህን ችሎታ ለማመን ሙዚቃም አያስፈልግም። በውጭ አገር ለዶክትሬት በምሠራበት ቤተ ሙከራ ሁለት የቫኩም ፓምፖች ሌሊቱን ሙሉ ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር። ፍጥነታቸው እኩል ነው ቢባልም ፍጹም እኩል አልነበረምና የጋራ ድምፃቸው ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ድግግሞሻቸው በ0.2 ሄርዝ ብቻ ቢለያይ በየ5 ሴኮንዱ አንድ ጊዜ ከፍ ማለቱ አይቀርም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ገና በሩን ሳልከፍት ከዚህ መዋዠቅ ብቻ አንደኛው ፓምፕ እንደ ወትሮው አለመሆኑን መለየት ጀመርሁ። ከፓምፖቹ ጋር ሳላስበው ተለማምጄ ነበር።

ሳይታይ የሚሰማ ክፍል

ሁለተኛው ሕግ የማስተጋባት ሕግ ነው፤ ታሪኩም የፊዚክስ መምህራንን የሚያኮራ ነው። በ1895 በአሜሪካ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አዲስ የሠራው የፎግ ሙዚየም የትምህርት አዳራሽ፣ ድምፅ ከመጠን በላይ እያስተጋባ መምህሩ የሚለው ሊሰማ አልቻለም። መፍትሔ እንዲፈልግ የታዘዘው ዋላስ ሴቢን የተባለ ወጣት የፊዚክስ መምህር ነበር። መሣሪያዎቹ የኦርጋን ቧንቧ፣ የሩጫ ሰዓትና የገዛ ጆሮው ነበሩ። ሌሊት ሌሊት፣ ከተማው ጸጥ ሲል፣ ከሌላ አዳራሽ የመቀመጫ ትራሶችን እያስመጣ ክፍሉን ይሞላል፤ ቧንቧውን ይነፋል፤ ድምፁ እስኪጠፋ ያለውን ጊዜ ይለካል። ትራሱ በበዛ ቁጥር ጊዜው ያጥራል። የደረሰበት ሕግ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የማይከብድ ነው። የማስተጋቢያ ጊዜ ማለት ድምፁ በ60 ዴሲቤል እስኪቀንስ፣ ማለትም ኃይሉ ወደ አንድ ሚሊዮንኛ እስኪወርድ የሚፈጀው ሴኮንድ ነው። ይህም የክፍሉ ይዘት በሜትር ኩብ በ0.161 ተባዝቶ፣ ድምፅ መጣጭ ለሆነው ስፋት በካሬ ሜትር ሲካፈል የሚገኘው ነው።

አሁን የሌለ ዋሻ እንሥራ። ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 50፣ ቁመቱ 40 ሜትር ይሁን፤ ይዘቱ 200,000 ሜትር ኩብ፣ የውስጥ ገጹ ስፋት 22,000 ካሬ ሜትር ይሆናል። ዐለቱ ከሚነካው ድምፅ 3 በመቶውን ብቻ ይመጥጣል እንበል። መጣጩ ስፋት 660 ካሬ ሜትር ነው፤ የማስተጋቢያው ጊዜም 49 ሴኮንድ ገደማ። ቀጥለን የዋሻውን ወለል በወፍራም ሣር እናልብሰው፤ ሣሩ ግማሹን ድምፅ ይምጠጥ። ግድግዳውና ጣሪያው እንዳሉ ናቸው። አሁን መጣጩ ስፋት 3,010 ካሬ ሜትር፣ ጊዜው ደግሞ 11 ሴኮንድ ያህል ነው። ዓይናችንን ጨፍነን ያንኑ ኖታ ሁለት ጊዜ ብንሰማው፣ አንዴ 49 ሴኮንድ አንዴ 11 ሴኮንድ ሲያስተጋባ፣ በመካከል አንድ ለስላሳ ነገር እንደ ገባ እንገነዘባለን። ሣሩ ተሰማ ማለት ነው። ማንም አልሣለውም።

ስሌቱ የአየሩን መምጠጥ ትቷል። በእውነቱ አየር ቀጫጭን ድምፆችን ከወፍራሞቹ ይልቅ ቶሎ ያጠፋል፤ በትልቅ ዋሻ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ጉምጉምታ ብቻ የሚሆነውም ለዚህ ነው። የአምቢየንት ሙዚቃ ድምፅ ብዙውን ጊዜ ጨለም ያለ መሆኑ የስሜት ምርጫ ብቻ እንዳይመስለን። ሩቅና ሰፊ ቦታን የሚነግረን ያ የቀጫጭኑ ድምፅ መጥፋት ነው።

ይህን ቁጥር የቅዠት ነው የሚል ካለ ወደ እውነተኛ ቦታ እንውሰደው። አሜሪካዊቷ ፖሊን ኦሊቬሮስ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር በ1988 በዋሽንግተን ግዛት፣ ፎርት ወርደን በተባለ ቦታ ካለ ባዶ የመሬት ውስጥ የውኃ ማጠራቀሚያ ወርዳ ሙዚቃ ቀረጸች። እዚያ አንድ ድምፅ እስኪጠፋ 45 ሴኮንድ ይፈጅ ነበር፤ ከላይ ከሠራነው ባዶ ዋሻ ብዙም አይርቅም። አልበሙ «ዲፕ ሊስኒንግ» ይባላል፤ የወጣው በ1989 ነው። በስኮትላንድ ኢንቺንዳውን በሚባል የቀድሞ የነዳጅ ማጠራቀሚያ ውስጥ ደግሞ የሳልፎርድ ዩኒቨርሲቲው ትሬቨር ኮክስ በ125 ሄርዝ ድግግሞሽ 112 ሴኮንድ ለክቷል። ተፈጥሮና መሐንዲስ በዚህ ረገድ ከሙዚቀኛው ምናብ ወደ ኋላ የቀሩ አይደሉም።

ሕጉን ራሱን መለወጥስ ይቻላል? ይቻላል። 0.161 የሚለው ቁጥር ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ በውስጡ በምድር አየር የድምፅ ፍጥነት፣ 343 ሜትር በሴኮንድ፣ ተሰውሮ ይገኛል። በማርስ ላይ ከባቢ አየሩ ስስና ቀዝቃዛ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመሆኑ ድምፅ በሴኮንድ 240 ሜትር ገደማ ብቻ ይጓዛል። ይህ ግምት ብቻ አይደለም፤ በ2021 ማርስ ላይ ያረፈችው ፐርሲቪራንስ ማይክሮፎን ይዛ ነበር። በ2022 የታተመው ውጤት አንድ እንግዳ ነገር አሳየ፤ ከ240 ሄርዝ በላይ ያሉት ድምፆች ከወፍራሞቹ በሴኮንድ 10 ሜትር ያህል ይፈጥናሉ። በማርስ ላይ ኦርኬስትራ ቢቆም ሩቅ የተቀመጠው አድማጭ ዋሽንቱን ከከበሮው ቀድሞ ይሰማል ማለት ነው፤ ምንም እንኳ ጋዙ ቀጫጭን ድምፆችን አጥብቆ ስለሚመጥጥ ብዙ የሚሰማው ባይኖር። ዋሻችንን ወደዚያ ወስደን የአየሩን መምጠጥ ለጊዜው ብንረሳው፣ ድምፁ በግድግዳዎቹ መካከል ቀስ ብሎ ስለሚመላለስ 49 ሴኮንዱ ወደ 70 ይደርሳል። ለምናባዊ ዓለም ሙዚቃ የሚሠራ ሰው እንግዲህ የሚመርጠው ኖታ ብቻ አይደለም፤ አየርም ይመርጣል።

ከተሠሩት ጨዋታዎች የምንማረው

በእውን የተሠሩ ጨዋታዎችም በዚህ መንገድ ላይ ተጉዘዋል። በ1986 ለወጣው «ሜትሮይድ» ሙዚቃውን የሠራው ጃፓናዊው ሂሮካዙ ታናካ፣ በሙዚቃውና በጨዋታው የድምፅ ምልክቶች መካከል ልዩነት እንዳይኖር ፈልጎ ነበር፤ ተጫዋቹ በሕያው አካል ውስጥ ያለ እንዲመስለው። ኔንቲዶ በዚያ ዘመን ይጠቀምበት የነበረው የድምፅ ቺፕ 5 የድምፅ መስመሮች ብቻ ነበሩት፤ ከእነዚህም አንዱ የሚያወጣው ጫጫታ ነበር። ድህነቱ አልጎዳውም።

«ማይንክራፍት» ለብዙ ተማሪዎች አዲስ አይሆንም። ጀርመናዊው ዳንኤል ሮዘንፌልድ፣ ሲ418 በሚል ስሙ፣ ለዚህ ጨዋታ የሠራው ሙዚቃ በ2011 በአልበም ወጥቶ፣ በ2025 በአሜሪካ የምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ብሔራዊ የድምፅ ቅጂዎች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። በጨዋታው ውስጥ ይህ ሙዚቃ ሁልጊዜ አይሰማም፤ ረጅም ጸጥታ ይኖርና ባልታሰበ ሰዓት ፒያኖው ይመጣል፣ ይሄዳል። እንደ እኔ አስተያየት የሥራው ግማሽ ውበት ያ ጸጥታ ነው።

በሌላው ጫፍ «ኖ ማንስ ስካይ» አለ። በ2016 ሲወጣ ኮምፒዩተር በቀመር የሚፈጥራቸው 18,446,744,073,709,551,616 ፕላኔቶች ነበሩት፤ 2 በ64ኛ ርቢ መሆኑ ነው። 65ዴይስኦቭስታቲክ የተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ቡድን የሠራቸው ድምፆችም በጨዋታው ውስጥ ሁኔታውን እየተከተሉ ይገጣጠማሉ። ሙዚቃው ግሩም ነው። ነገር ግን ጨዋታው እንደ ወጣ በርካታ ተጫዋቾች ፕላኔቶቹ ተመሳሰሉብን ብለው አማርረዋል። ቁጥሩ ከ18 ኩዊንቲሊዮን ቢያልፍም ጆሮና ዓይን ከጀርባ ያለውን አንድ ቀመር ፈጥነው ደረሱበት። የኢኖ ሦስት ክሮች ግን ቀመራቸው ቢታወቅም አይሰለቹም። ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ለረጅም ጊዜ ሳሰላስል ቆይቻለሁ። ከፊሉ ምክንያት ተስፋ ይመስለኛል፤ ፕላኔት ስንባል አዲስ ነገር እንጠብቃለን፣ ከክር ግን የምንጠብቀው መመለሱን ብቻ ነው።

ዛሬ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲጻፍላቸው በደቂቃ ውስጥ «ለጥንታዊ ዋሻ የሚሆን ሙዚቃ» አዘጋጅተው የሚያቀርቡ ፕሮግራሞች አሉ። ከዚህ በፊት የተሠሩትን ብዙ ሥራዎች ተምረው የሚመስላቸውን ያወጣሉ። ውጤቱ ለጆሮ የሚጥም ሊሆን ይችላል። ተማሪ ግን ዋሻው ስንት ሜትር እንደሆነ ቢጠየቅ የሚመልሰው ነገር አይኖረውም፤ ሣሩንም ማንሳት አይችልም። መቆጣጠሪያው በእጁ አይደለምና።

በእጃችን ያለው

የሚያስፈልገው ነገር ጥቂት ነው፤ አንድ ኮምፒዩተር፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ እንደ ኦዳሲቲ ያለ በነፃ የሚገኝ የድምፅ ማቀናበሪያ ፕሮግራምና ክራር ወይም ዋሽንት የሚጫወት ጓደኛ። በኖታ ምርጫ ረገድ የእኛ ቅኝት አንድ ስጦታ ይሰጠናል። ኖታዎች በዘፈቀደ ሲደራረቡ ጆሮን የሚቆረቁረው በተለይ የግማሽ ድምፅ ርቀት ነው። 440 ሄርዝና 466 ሄርዝ አብረው ሲጮኹ በሴኮንድ 26 ጊዜ ያህል ይዋዥቃሉ፤ ጆሮ ይህን ለይቶ መቁጠር አይችልም፣ እንደ አንድ ለስላሳ ድምፅም አይቀበለውም፤ ሻካራ ሆኖ ይሰማዋል። ትዝታ ሜጀር ከአምስት ኖታዎቹ በየትኞቹም ሁለቱ መካከል የግማሽ ድምፅ ርቀት የለውም። ስለዚህ ክሮቹ እንዴትም ቢገናኙ አይጣሉም። አምባሰል ወይም ባቲ ሲመረጥ ግን ግማሽ ድምፆች ስላሉ ሻካራው ጊዜ መምጣቱ አይቀርም። ይህም ክፉ አይደለም፤ አደገኛ ዋሻ የሚፈልግ ሰው ሊመርጠው ይችላል።

የዙር ጊዜዎችን ስንመርጥ ስሌቱን እናስታውስ። ሦስት ኖታዎችን በ20፣ በ24 እና በ30 ሴኮንድ ብናዞራቸው በየ2 ደቂቃው ያው ሙዚቃ ተመልሶ ይመጣል። 23፣ 29 እና 31ን ብንወስድ ግን ሦስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸውና 20,677 ሴኮንድ፣ ማለትም 5 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ከ37 ሴኮንድ ይፈጃል። ድካሙ በሁለቱም አንድ ነው።

የሚቀረው ቦታው ነው። ለዚህ ኮንቮሉሽን የሚባለውን የሒሳብ ዘዴ የተማሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዕድለኞች ናቸው። አንድ ፊኛ በባዶ ደረጃ ቤት ውስጥ ፈንድቶ ማስተጋባቱ ሲቀረጽ፣ ቅጂው የዚያን ቦታ ሙሉ ጠባይ ይይዛል። የክራሩ ድምፅ ከዚህ ቅጂ ጋር ኮንቮሉሽን ሲደረግ በዚያ ደረጃ ቤት የተመታ ሆኖ ይሰማል። ቅጂው በኮምፒዩተር በአራት እጥፍ ቢጎተት ደረጃ ቤቱ በይዘቱ ስልሳ አራት እጥፍ የሆነ ቦታ ይመስላል፤ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት እያንዳንዳቸው በአራት ተባዙ ማለት ነው። ሲጎተት ድምፁ በዚያው ልክ ስለሚወፍር ዐለቱም አብሮ የጨለመ ይመስላል። ፊኛው መፈንዳት ያለበት በሌሊት ወይም በማለዳ፣ የመኪናውና የሰዉ ድምፅ ሳይጀምር ነው፤ ለጥበቃ ሠራተኞቹ ግን አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።